ለእናንተ በጤዛ፣ ለእኛ በቀትር

አጎቴ ያረፉት ጥር ውስጥ ነው። ስልኩ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተደወለልኝ። ጎህ ሲቀድ ከደሴ ተነሣሁ፣ ቦሩ ሜዳን አልፌ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ ትንሽ ከሄድኩ በኋላ ከሚኒባስ ወረድኩና የቀረውን ዳገት በእግሬ ወጣሁት። ስደርስ የቅሬው፣ የእድሩ ማለት ነው፣ ሰዎች ድንኳን እየተከሉ ነበር። ነፋሱ አላስቆም ብሎ ሸራውን ያርገበግበዋል። የድንኳኑ ገመድ አልበቃ አለ። ከልጆቹ አንዱ ወደ ቤት ገባና ከበሩ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የኖረውን የጠፍር ጥቅል አውርዶ ይዞ ወጣ።

ያን ጠፍር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ከደሴ ወደ አያቴ ቤት እላክ ነበር። ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ አንድ ቀን በርጩማ ላይ ቆሜ አወረድኩትና ጓሮ ካለው ወይራ ላይ ዥዋዥዌ ሠራሁበት። አጎቴ አይተው በዚያው በጠፍሩ ጫፍ ገረፉኝ። ደግ ሰው ነበሩ፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እጃቸውን አንሥተውብኝ አያውቁም። ለምን እንደዚያ እንደተቆጡ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ልጁ ጠፍሩን ከድንኳኑ ጋር ሊያስር ጎንበስ ሲል አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን በምርኩዛቸው ገመዱን መሬት ላይ ተጫኑት።

«በዚች አይሆንም» አሉ። «ሌላ ገመድ ፈልጉ። እኔ ወንድሜን ላለቅስ ነው የመጣሁት። በዚች በተወጠረ ድንኳን ሥር ግን አልቀመጥም።»

አንድም ሰው አልመለሰላቸውም። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። ልጁ ጠፍሩን ጠቅልሎ ወደ ቤት መለሰው፣ ከጎረቤት የናይለን ገመድ መጣ፣ ድንኳኑ ቆመ፣ ለቅሶው ቀጠለ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እዚያ ግቢ ውስጥ ከቆመው ሰው ሁሉ ነገሩን የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ቡና ተፈልቶ ንፍሮ ሲዞር አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ። «እማማ፣ ያ ገመድ ምን አደረገዎት?» አልኳቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡ። ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩ፣ ልጅ መሆኔን ወይም የከተማ ሰው መሆኔን እየመዘኑ መሰለኝ።

«አብሽር፣ አንተ ላይ አይደለም» አሉኝ። «ያ ገመድ ለእናንተ በጤዛ ነው የለካው። ለእኛ በቀትር።»

ሌላ ነገር አልጨመሩም። እኔም ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

የገዥዎች ዝርዝር

ለዓመታት ስለ መንደራችን ታሪክ አንድ ነገር እጽፋለሁ እያልኩ ማስታወሻ ስይዝ ነበር። አሁን ሳየው ማስታወሻዬ የገዥዎች ዝርዝር ነው። የወረ ሂመኖ መሳፍንት። ከዚያ በ1870 አጼ ዮሐንስ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው የወሎን መሳፍንት ክርስትና ሲያስነሡ፣ መሐመድ አሊ ሚካኤል ሲሆኑ። ከዚያ ደሴ ስትቆረቆር፣ አይጠየፍ አዳራሽ ሲሠራ፣ ሚካኤል ንጉሥ ሲባሉ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ። ከዚያ አልጋ ወራሹ። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላን ደሴን ሲደበድብ፣ ሚያዝያ ላይ ራሱ ሲገባ፣ በአምስት ዓመቱ ሲወጣ። ከዚያ እንደገና ንጉሡ፣ ከዚያ ደርግ፣ ከዚያ ኢሕአዴግ። 2014 ላይ ደግሞ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር 27 ድረስ ደሴና ኮምቦልቻ በሌላ እጅ የነበሩባቸው ሳምንታት፣ የከተማው ሰው ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ገጠር የወጣባቸው፣ እኔም ከነቤተሰቤ አጎቴ ቤት ያደርኩባቸው።

ይህን ዝርዝር አንድ ጊዜ ለአጎቴ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝና «እነዚህ ሁሉ እዚህ መጥተው ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ከልባቸው ነበር የጠየቁት። ንጉሥ ሚካኤል በመንደራችን አላለፉም። ጣሊያን መንገዱን ተከትሎ ሄደ እንጂ ዳገቱን አልወጣም። አብዮቱንም ቢሆን እኛ ጋ ያደረሱት ዘማች ተማሪዎች ናቸው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል የለ፣ ሰማይን ማንም ሄዶ አይነካውም፣ ንጉሥም እንደዚያው ነው። ለገበሬው ገዥ ማለት በር የሚያንኳኳው ነው። ስሙን የምታውቀው፣ አባቱን የምታውቀው፣ ሰርጉ ላይ የበላህለት ሰው።

ማስታወሻዬ ላይ የሌለው እሱ ነው። በሩን ያንኳኳው ማን ነበር? ይህን ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም። አሁን ሳስበው ሳልጠይቅ የቀረሁት መልሱን ከሩቅ ሸትቶኝ ይሆናል።

ላይ ቤትና ታች ቤት

መንደራችን ሁለት ነው፣ ላይ ቤትና ታች ቤት። የምንለያየው በአንዲት ቦይ ነው፣ ክረምት ካልሆነ ውኃም የላት። ላይ ቤት እኛ ነን። ታች ቤት የአሮጊቷ ወገኖች ናቸው።

ቤተሰባችን እንደሚያወራው ሁለቱም ቤት ከአንድ አባት ነው። የአያቴ አያት ስማቸው መሐመድ ነበር። ከቦሩ ሜዳ በኋላ እሳቸው ክርስትና ተነሡ፣ ታናሽ ወንድማቸው አልነሣም ብለው ሸሹ፣ ነገሩ ሲበርድ ተመልሰው ከቦይዋ በታች ጎጆ ቀለሱ። ይህ ወሎ ውስጥ ብርቅ ታሪክ አይደለም፣ እንዲህ ያለ ታሪክ የሌለው ቤት ፈልጋችሁ አታገኙም። እኛም ስናወራው የምናወራው በፍቅር ነው። እነሱ ለገና ይመጣሉ፣ እኛ ለዒድ እንወርዳለን፣ ቅሬው አንድ ነው፣ ወዳጃ፣ የጋራው ጸሎት፣ ሲደረግ ሁላችንም ጫፍ ላይ እንቀመጣለን። እውነት ነው፣ አንዱንም አልቀንስም። አሮጊቷ አጎቴን «ወንድሜ» ሲሏቸው የለቅሶ ወግ አልነበረም፣ ከዘር ቆጥረው ነው።

በፍቅር ስናወራው የምንዘለው አንድ ነገር ግን አለ። ክርስትና የተነሡት ወንድም ጭቃ ሹም ሆኑ። ከዚያ ልጃቸው፣ ከዚያ የልጅ ልጃቸው። አያቴ የመጨረሻው ጭቃ ሹም ናቸው። ጭቃ ሹም ትልቅ ነገር አይደለም፣ ቤቱም እንደማንም የሣር ቤት ነው፣ በሬው እንደማንም ሁለት ነው። ግን ግብር ሲቆረጥ ይህ መሬት የማን ነው፣ ስንት ያወጣል፣ ወሰኑ የት ነው ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ነው። ጠፍሩ ቤታችን የገባው እንደዚያ ነው። ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ ገመድ አይሉትም፣ «ቀላዱ» ነው የሚሉት፣ የመሬት መለኪያው ማለት ነው።

ከለቅሶው በኋላ አወረድኩትና ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየሁት። ሦስት መጫኛ ተቀጥሎ የተሠራ ነው። የበሬ ቆዳ ነው፣ ሦስት ሦስት ሆኖ የተጎነጎነ፣ ከብዙ እጅ የተነሣ ጠቁሮ የሚያብለጨልጭ። በየአሥር ክንዱ ቋጠሮ አለው። አንዱ ቋጠሮ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል፣ ሲነኩት ይበናል። ሁለቱ ጫፎች ላይ የእጅ ማስገቢያ ቀለበት አለ። አንደኛው ቀለበት ተበልቷል፣ ሌላኛው ግን ብዙም አልተነካም። ገመዱን ከሁለቱ ጫፍ አንዱን ሁልጊዜ አንድ ቤት፣ ሌላውን ደግሞ የተገኘ ሰው ይይዘው ነበር ማለት ነው። የተበላውን ቀለበት እጄ ላይ አጠለቅኩት። ልክ መጣልኝ።

ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ

አርባው ሲደርስ ወደ መንደር ተመለስኩና ታች ቤት ወረድኩ። ቡናና ስኳር ይዤ ሄድኩ። አሮጊቷ ምድጃ ዳር ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። ለምን እንደመጣሁ አልጠየቁኝም። መናገር የጀመሩት ግን ከጠበቅኩት ቦታ አልነበረም፣ ከአባታቸው ነው የጀመሩት።

በ1937 የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን በሦስት ከፍሎታል፣ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ። ለወሎ ጭምር በወጣው ተመን የመሬቱ ግብር በጋሻ ለለሙ 15 ብር፣ ለለም ጠፉ 10 ብር፣ ለጠፉ 5 ብር ነው፣ አስራቱ ደግሞ ለብቻው። ይህን እኔ ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ። አሮጊቷ የሚያውቁት ከእርሻው ነው። የአባታቸው መሬት ከቦይዋ በታች ያለው ድንጋያማ ተረተር ነው፣ ዛሬም ሄዳችሁ ብታዩት ከአፈሩ ድንጋዩ ይበዛል። ያ ተረተር ለም ተብሎ ተጻፈ። ከላይ ያለው የእኛ ጥቁር መሬት ለም ጠፍ ተባለ።

«ማነው እንደዚያ ያለው?» አልኳቸው። መልሱን እያወቅሁ ነው የጠየቅኩት።

«ከደሴ የመጣው ጸሐፊ መሬት ያውቃል እንዴ? በቅሎው ላይ ሆኖ ይጽፋል። ከፊቱ የሚሄድለት ሰው ለም ሲለው ለም፣ ጠፍ ሲለው ጠፍ።» ባቄላውን አንዴ እፍ አሉበት። «አባቴ አንድ በሬ ሸጠ። ከዚያ ሁለተኛውን ሸጠ። ከዚያ የእናንተን አረሰ።»

አያቴን አላስታውሳቸውም፣ እኔ ሳልወለድ ነው የሞቱት። ቤታችን ግን ስለሳቸው ብዙ ይወራል፣ ማረሻ ለሌለው ማረሻ የሚያውሱ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ቤታቸው እንግዳ የማያጣ። ይህም ውሸት አይደለም ብዬ አምናለሁ። እንግዳው የበላው እንጀራ ግን ከማን መሬት እንደመጣ ነግሮኝ የሚያውቅ ሰው የለም። አባቴ አስተማሪ ሆነው ደሴ የገቡበት፣ እኔ የተማርኩበት ገንዘብ ሥሩ የት እንደሆነም ያን ቀን ነው ማሰብ የጀመርኩት። እስካሁንም አልጨረስኩም።

ታኅሣሥ 1968

የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት የሕዝብ ሆነ። ደሴ ላይ ሰው ጨፈረ። ታች ቤትም ተጨፈረ፣ ከላይ ቤት ይልቅ እንዲያውም እዚያ ነው የተጨፈረው። አዋጁ ጭሰኝነትን አስቀረ፣ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ከለከለ፣ ገበሬው በማኅበር ተደራጅቶ መሬቱን ራሱ ያከፋፍል አለ። ለእኛ አገር 10 ሄክታር ተረት ነበር፣ አብዛኛው ሰው የሚያወራው ስለ ጥማድ ነው፣ አንድ ጥማድ በሬ በቀን ስለሚያርሰው።

ማኅበሩ ተቋቋመ። ሊቀመንበሩ ከታች ቤት ተመረጠ፣ ዘማቾቹ እንደዚያ ይሁን ስላሉ። ጸሐፊ ግን ማንበብና መጻፍ የሚችል ያስፈልጋል። ማንበብና መጻፍ የሚችለው የጭቃ ሹሙ ልጅ ነው፣ ከቄስ ትምህርት በኋላ አራተኛ ክፍል የደረሰው አጎቴ። መሬቱን ለመለካት ደግሞ ገመድ ያስፈልጋል። በመንደሩ ልኩ የታወቀ፣ ሁሉም የሚያምነው፣ ሽማግሌም ወጣትም የሚያውቀው አንድ ገመድ ነው ያለው።

ቀላዱ ወረደ።

ይህን ሲናገሩ አሮጊቷ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ሰብል ከተነሣ በኋላ ታኅሣሥ 1968 ላይ ነው የተለካው። አራት ቀን ፈጀ። ታኅሣሥ እኛ አገር ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ጠዋት ሜዳው በጤዛ ይርሳል፣ አንዳንድ ቀን ውርጭ ይሆናል፣ ፀሐይ ወጥታ ከፍ እስክትል እጅ ከጋቢ አይወጣም። ቀትር ላይ ደግሞ አፈሩ ይሰነጠቃል። ቆዳ ሲርስ ይለጠጣል። ሲደርቅ ይሰበሰባል። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም፣ ቀንበር የሚጠፍረው ሁሉ ጠፍሩን አርሶ የሚያስረው ሲደርቅ እንዲጨብጥለት ነው።

«ጠዋት ከላይ ቤት ተጀመረ» አሉ። «ገመዱ ጤዛው ላይ እየተጎተተ። እኛ ጋ ሲደርስ ቀትር ነው። ደርቆ እንደ እንጨት ሆኗል።»

«መጀመሪያ ከላይ መጀመሩ ልማድ ይሆናላ፣ እማማ» አልኳቸው። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። መከላከል ከአፌ ቀደመኝ።

ቀና ብለው አዩኝ። «አራት ቀን ነው የተለካው ልጄ። አራቱንም ቀን ከላይ ተጀመረ።»

የምለው ጠፋኝ።

አብዮቱን ያወጁት ሰዎች ስለዚህ ጤዛ አያውቁም። አዋጁ ላይ ስለ ጤዛ የተጻፈ ነገር የለም። መሬት ላራሹ ብለው በየአደባባዩ የጮኹት ተማሪዎች ከልባቸው ነበር፣ የእኛ መንደር ዘማቾችም አሮጊቷ እንደሚሉት እግራቸው እስኪላጥ አብረው የሄዱ ልጆች ነበሩ፣ ምናልባትም ገመዱን የያዙት እነሱ ራሳቸው ናቸው። ግን መቼ እና ከየት ይጀመር የሚለው በማንም አጀንዳ ላይ አልነበረም። ያ የሚወሰነው ማለዳ፣ ሰው ገና እየተሰበሰበ ሳለ፣ አንድ ሰው «ኑ፣ በዚህ እንጀምር» ሲል ነው። ሦስት መንግሥት ሙሉ «በዚህ እንጀምር» ያለው የእኛ ቤት ነው።

የለካሁት

ገመዱን የአጎቴን ልጆች አስፈቅጄ ደሴ ይዤው መጣሁ። ይህን ያደረግኩት አሮጊቷን ለማመን ማረጋገጫ ስላስፈለገኝ አይደለም፣ ወይም አይደለም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ትንሽ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረኝ። አንድ ጋት፣ ሁለት ጋት። እንዲያ ቢሆን ምን ልል እንደነበር አላውቅም።

ማታ ግቢዬ ሣር ላይ ዘርግቼው አደርኩ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልጄን ቀሰቀስኩት፣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ያልተበላውን ቀለበት እሱ ያዘ፣ የተበላውን እኔ። ወጠርነው። በአናጢ ሜትር ለካሁት፣ 21 ሜትር ከ70። ከዚያ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ እንዲመታው አሰጣሁት። ሰባት ሰዓት ላይ እንደገና ወጠርነው። 20 ሜትር ከ40።

«አባዬ፣ ጠዋት ረዝሞ ነበር» አለኝ ልጄ፣ እየገረመው።

ልዩነቱ አንድ ሜትር ከሠላሳ። ወረቀት ላይ አሰላሁት። ርዝመቱ አራት ገመድ፣ ወርዱ ሦስት ገመድ የሆነ ማሳ በጠዋቱ ገመድና በቀትሩ ገመድ ሲለካ ልዩነቱ ከ650 ካሬ ሜትር በላይ ነው፣ የአንድ ጥማድ ሩብ ያህል። እኛ ጋ ሩብ ጥማድ የሰርግ ጠብ የሚያስነሣ፣ ወንድምና ወንድም ፍርድ ቤት የሚያቆም መሬት ነው። ክፉ ዘመን ላይ ደግሞ የሁለት ወር እህል ነው።

ክፉ ዘመኑም ቀረብ ብሎ ነበር። በ1977።

ስለ 1977 ወሎ ውስጥ ላደገ ሰው መንገር አያስፈልግም። አሮጊቷም አልዘረዘሩትም፣ ሁለት ልጅ መቅበራቸውን ብቻ ተናግረው አለፉ። የቆዩበት ሌላ ነገር ላይ ነው። ለሰፈራ ኮታ ሲመጣ ከቀበሌው ይህን ያህል አባወራ ይመዝገብ ተብሎ ጸሐፊው ስም እንዲጽፍ ታዘዘ። አጎቴ የታች ቤትን ሰው አልጽፍም አሉ። ሦስት ሳምንት ታሰሩ። ሌላ ሰው ጻፈው። የአሮጊቷ ታናሽ ወንድም መኪና ላይ ከወጡ በኋላ አጎቴ ተፈተው መጥተው፣ እንዴት አድርገው እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም፣ ከመኪናው አስወረዷቸው። እኒያ ሰው ዛሬም በሕይወት አሉ፣ ድንኳኑን ሲተክሉ ካየኋቸው አንዱ ናቸው።

«እሱን ነው ያለቀስኩት» አሉኝ። «ገመዱ ሌላ ነው።»

ይሄን ነገር ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት አልቆጠርኩትም። የማወራው ስለ አንድ ሰው ነው። በታኅሣሥ 1968 አራት ማለዳ ከላይ ቤት የጀመረውና በ1977 ስም አልጽፍም ብሎ የታሰረው አንድ ሰው ነው። የመጀመሪያውን አውቀው አድርገውት ይሆን? ቀንበር ሲጠፍር የኖረ ሰው ቆዳ እንደሚለጠጥ አያውቅም ማለት አልችልም። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ለመካስ ነበር? ይህን እኔ ልወስንላቸው አልችልም፣ ከሳቸው ጋር ተቀብሯል። አንድ ነገር ብቻ አለኝ። ጠፍሩን ለጭነት አልተጠቀሙበትም፣ ለከብት አላሰሩበትም፣ ለማንም አላዋሱትም፣ አልጣሉትምም። ከበሩ በላይ ሰቀሉት፣ ሲገቡና ሲወጡ ከሥሩ እያለፉ ኖሩ። እኔ ዥዋዥዌ ስሠራበት ገረፉኝ። ደርግ ወድቆ መሬት እንደገና ሲሸነሸን ኮሚቴው ቀላዱን ስጡን ብሎ ሲመጣ ግን ሰጧቸው። ያን ጊዜ ከየት እንደተጀመረ አሮጊቷን አልጠየቅኩም። ልጠይቅ አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ሲባል የምናስበው የወጋው ረስቶ ተዝናንቶ እንደሚኖር ነው። አጎቴ የረሱ አይመስለኝም። የረሳነው እኛ ነን፣ ልጆቹ፣ ደሴ ተቀምጠን በገና ዋዜማ ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች ታሪክ በፍቅር የምናወራው። ማንም ያዘዘን የለም። ደስ የሚለውን ጫፍ ይዘን ሌላውን ለቀቅነው።

አሮጊቷንም ጠይቄያቸው ነበር፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ለማንም እንዳልተናገሩ። «ለማን?» አሉ። «ለጭቃ ሹሙ? ለገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ? ለመሬት ኮሚቴው? የሚሰማው ሁሉ ገመዱን የያዘው ነው።»

የወሰን ድንጋዩ

አሮጊቷ ቤት ምሰሶው ላይ በፌስታል ተጠቅልሎ የተሰቀለ አረንጓዴ ደብተር አለ፣ በ1995 ዓ.ም. ገደማ በክልሉ መሰጠት ከጀመረው የይዞታ ማረጋገጫ ነው። አውርደው አሳዩኝ። የሳቸውና የሟች ባለቤታቸው ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል። በፎቶው ላይ ፊታቸው ቁጡ ነው፣ ካሜራ ፊት የቆሙት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ስማቸው ከመሬቱ ጋር አንድ ወረቀት ላይ የተጻፈውም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ይህንን በደስታ ነው የነገሩኝ፣ እኔም ደስ ብሎኛል፣ ትልቅ ነገር ነው። ልኩ ላይ ግን በጣታቸው ጠቆም አድርገው «ይሄ ያው የ68ቱ ነው» አሉኝ። ወሰኑ እንዳለ ተወስዶ ነው የተጻፈው።

ባለፈው ወር ለሌላ ጉዳይ መንደር ስሄድ አዲሱ ልኬታ ደርሶ አገኘሁት። ሁለት ወጣቶች ከላይ የተነሣ የመሬት ፎቶና ታብሌት ይዘው እርሻ ለእርሻ ይዞራሉ። ትሁት ልጆች ናቸው፣ ሽማግሌ ሲያልፍ ይነሣሉ። አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ይዘው ከቦይዋ ዳር ቆመው ሲያዩ ቆዩና አንደኛውን ጠሩት።

«ልጄ፣ ገመዳችሁ የታል?»

«ገመድ የለም እማማ፣ ከሳተላይት ነው» አላቸው። ፎቶውን ዘርግቶ አሳያቸው። ይሄ ቦይዋ ነው፣ ይሄ ወይራው ነው፣ ይሄ የእርስዎ ቤት። ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። የቤታቸውን ጣሪያ ሲያገኙት በጣታቸው ነኩት።

«ይሄ ጤዛ ይነካዋል?»

ልጁ አልገባውም፣ ግን አልሳቀም። «አይነካውም እማማ። ጠዋትም ማታም አንድ ነው።»

«ወሰኑ እዚህ ነው ብሎ የሚያሳያችሁ ማነው ታዲያ?»

«ኮሚቴው ነው።» ዞር ብሎ ወደ ላይ ቤት በኩል ጠቆመ። ከኮሚቴው ሰዎች ጋር እየተነጋገረ የሚወርደው የአጎቴ ታላቅ ልጅ ነበር። ደግ ልጅ ነው፣ አባቱን ይመስላል።

አሮጊቷ ልጁን አመሰገኑት፣ መረቁት። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፉና ቦይዋን ተሻግረው ተረተሩን ይወጡ ጀመር። ልደግፋቸው ብል እምቢ አሉኝ። ከተረተሩ ጫፍ ላይ፣ በሁለቱ ቤት መሬት መካከል፣ ግማሹ መሬት የገባ አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ አለ። እዚያ ሲደርሱ ቆሙና ምርኩዛቸውን ከድንጋዩ አራት እርምጃ ወደ ላይ ቤት ፈቀቅ ብለው ተከሉት፣ አጠገቡም ቁጭ አሉ። ሰዎቹ እስኪደርሱ ድረስ አልተነሡም። እኔም ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።